አመሻሽ ላይ ሂጂ

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አልዛይመር እንዳለባት ከተነገረን 4 ዓመት ሆነን። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሌሊት ትነሳለች፣ በር ትከፍታለች፣ "ቤቴ ልሂድ" ትላለች። ባለፈው ወር ብቻ ሁለቴ ከመንገድ መልሰናታል። ወንድሜ "እናትሽን ለባዳ ልትሰጪ ነው?" ይለኛል፤ እሱ ግን በወር አንዴ ነው ብቅ የሚለው። እኔ ደክሞኛል። ለመርሳት ህመምተኞች የተዘጋጁ ሁለት መንከባከቢያ ቤቶች አይቻለሁ። አንደኛው አዲስ ነው፣ ሆቴል ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ያረጀ ነው፣ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል። ግን እናቴን ይዣት ስሄድ አንዲት ሠራተኛ ማንም ሳይጠይቃት ተንበርክካ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረችላት። ምን ልይ? ምን ልጠይቅ? እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጫማ ማሰሪያውን ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ግቢው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። አንቺ የሠራተኛዋን እጅ ነው ያየሽው። ዓይንሽ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ሠራተኛ አንድ ቀን ጫማ ስላሰረች ብቻ እናት አይሰጥም። ያቺ ልጅ ሌሊት ላትኖር ትችላለች። በሚቀጥለው ወር ሥራ ትለቅ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ብሆን የማየውን ላሳይሽ። ነርስ ነኝ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁትም ከእናትሽ ጋር ተመሳሳይ ህመም ካላቸው ሰዎች ጋር ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት መነሳቱ መቼ ጀመረ? በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ የህመሙ አካሄድ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ግን ቤት ፍለጋውን ተይውና ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሆድ ድርቀት፣ የውሃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን የአረጋዊን አእምሮ በአንድ ሌሊት ሊያምሰው ይችላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፤ መንስኤው ከተገኘ ይታከማል። ቤት ውስጥ ያሉትን ክኒኖችም እያቸው። ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው የአለርጂና የእንቅልፍ ክኒኖች ለማንም የሚሸጡ ተራ መድኃኒቶች ይመስላሉ፤ የመርሳት ህመም ያለበትን ሰው ግን ጭራሽ ያደናግሩታል። "ህመሙ ባሰባቸው" ተብሎ ዕቃ ከተጠቀለለ በኋላ ነገሩ የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ የተገኘበትን ቀን አልረሳውም።

ይህን አጣርተሻል እንበል። አሁን ወደ ጥያቄሽ።

መንከባከቢያ ቤቶች ጎብኚ የሚቀበሉት ረፋድ ላይ ነው። 4 ሰዓት ገደማ። በዚያ ሰዓት ሁሉም ታጥቧል፣ ለብሷል፣ በልቷል። ሠራተኛው ሙሉ ነው። ኃላፊዋ ቢሮዋ አለች። በመስኮቱ ፀሐይ ገብቷል። በ4 ሰዓት መጥፎ የሚመስል ቤት በእውነትም መጥፎ ነው። በ4 ሰዓት ጥሩ የሚመስል ቤት ግን ገና ምንም አልነገረሽም።

አንቺ ቀጠሮ ሳትይዢ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሂጂ። ብትችዪ ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን።

የመርሳት ህመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች አመሻሽ ላይ ይረበሻሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የአእምሮ ሰዓት ተዛብቷል። የቀኑ ድካም ተጠራቅሟል። ብርሃኑ ሲቀንስ ጥላ ይረዝማል፤ ወንበር ላይ የተሰቀለ ሹራብ ቁጭ ያለ ሰው ይመስላል። በዚህ ላይ ብዙ ቦታ ፈረቃ የሚቀየረው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ያዩት ፊት ቦርሳውን አንግቦ "ደህና እደሩ" እያለ ሲወጣ ያያሉ። ታዲያ እነሱስ ለምን አይሄዱም? እውነቱን ለመናገር ይህ የፈረቃ ነገር እኔንም ብዙ ዓመት አምልጦኝ ነበር።

"ቤቴ ልሂድ" የሚባለው እንግዲህ ያኔ ነው። ቁጭ ብለሽ ሠራተኛው ምን እንደሚመልስ ስሚ።

አንድ ቤት ውስጥ ያየሁትን ላጫውትሽ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በሩ ጋ ይቆማሉ። እጀታውን ይነቀንቁታል። አንዱ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ "አባባ፣ ቤትዎ እኮ እዚሁ ነው፣ ይቀመጡ" አላቸው። እጀታው ባሰበት። ድምፃቸውም ከፍ አለ። ከወዲያ ሌላ ሠራተኛ መጣች። ከፊታቸው አልቆመችም፤ ከጎናቸው ቆማ እሷም በሩን ታይ ጀመር። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ማን ይጠብቅዎታል?" አለቻቸው። "ልጆቹ" አሉ። "ስንት ናቸው?" "ኧረ ብዙ ናቸው፣ ክፍሉ ሞልቷል።" የትኛው ተማሪ እንደሚረብሽ፣ የትኛው እንደሚጎብዝ እየጠየቀቻቸው መተላለፊያውን ሁለቴ አብረው ዞሩት። ሲመለሱ ክንዷን ይዘዋል። አልተከራከረቻቸውም፣ አልዋሸቻቸውምም። ነገሩ ሁሉ 5 ደቂቃ አልፈጀም።

"ቤቴ ልሂድ" ሲሉ አንዳንዴ በረደኝ ማለታቸው ነው። አንዳንዴ ሽንቴ መጣ ነው። አንዳንዴ ፈራሁ፣ አንዳንዴ ሰው ናፈቀኝ ነው። እናትሽ ራሳቸው ቤት ተኝተው እንኳ የሚሉት ለዚህ ነው። ይህ የገባቸው ሠራተኞች ያሉበትን ቤት ፈልጊ።

በዚያ ሰዓት ሄደሽ ማንም ሳይነሳ፣ ማንም ሳይናገር፣ ሁሉም ቴሌቪዥን ፊት አንገቱን ደፍቶ ተደርድሮ ካገኘሽው ደግሞ አትረጊ። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ያስፈራኛል። ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገርሽ።

አክስቴን መንከባከቢያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ነርስ ሆኜ! ወለሉ የሚያብለጨልጭ፣ መጋረጃው የሚያምር ቤት ነበር፤ የሄድኩትም ረፋድ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቃት ስመጣ ወንበር ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ ለሃጯ እየወረደ ተኝታለች። "ለመዱ፣ ረጉ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። የመድኃኒት ካርዷን አሳዩኝ አልኩ። ማረጋጊያ ተጀምሮላታል። ለማናችንም የነገረን የለም። ከሐኪም ጋር ተነጋግረን ቀስ እያልን አስቀነስነው። ከጊዜ በኋላ ስሜን ጠራችኝ። ቤቱን ቀየርን።

ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ። እዚህ ካሉት ስንቶቹ የማረጋጊያ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዳሉ? ሊጀመር ሲል ለቤተሰብ የሚደውለው ማነው? ይቀነስ ወይስ ይቀጥል የሚለውስ በየስንት ጊዜው ይታያል? ኃላፊዋ "ይሄ የሐኪሙ ጉዳይ ነው" ብላ ከዘጋችው አንድ ነጥብ ቀንሺ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ለማረጋጊያ ከሚሰጡት ውስጥ ፀረ ሳይኮቲክ በሚባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ላይ ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ጠንካራውን አውጥቷል። ሲወስን የ17 ሙከራዎችን ውጤት አይቶ ነበር። 10 ሳምንት ገደማ በሚቆይ ሙከራ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት የመርሳት ህመምተኞች 4.5 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 2.6 በመቶ ያህሉ። በ2008 ማስጠንቀቂያው የቆዩትንም የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ጨመረ። በጭራሽ አይሰጡም ማለቴ አይደለም። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ከሆነና ሌላው ዘዴ ሁሉ ከተሞከረ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይታዘዛሉ። ሠራተኛ ስላነሰ ግን አይሰጡም።

እዚህ ላይ የህመሙ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የመርሳት ህመም ካለባቸው ሰዎች ከ60 እስከ 70 በመቶው ላይ ያለው አልዛይመር ነው። ሌዊ ቦዲ የሚባለው ዓይነት ግን ለእነዚህ መድኃኒቶች በጣም ስስ ነው። እንደ ሃሎፐሪዶል ያለው የቆየ ፀረ ሳይኮቲክ ሰውነትን አግትሮ አልጋ ላይ ሊያስቀር፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። እናትሽ አልዛይመር መሆኑ ከተነገረሽ ይህ የአንቺ ጭንቀት አይደለም። ቤቱ ግን "የትኛው ዓይነት ነው የተባሉት?" ብሎ ይጠይቅሽ እንደሆነ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ካልጠየቀሽ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ነው የሚያስገባው።

ሌላው የምጠይቀው ስለ ህመም ስሜት ነው። አንዲት እናት ልብስ ሲያለብሷቸው ይማቱ ነበር። መዝገባቸው ላይ "ተደባዳቢ" ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ተለማማጅ ግን የሚማቱት የቀኝ እጃቸው ሲነሳ ብቻ መሆኑን አየች። የትከሻቸው መገጣጠሚያ አልቆ ኖሯል። ከማልበሱ በፊት ቀለል ያለ ማስታገሻ ተሰጣቸው፣ ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ተገዛላቸው፣ ዱላው ቆመ። መናገር ያቃተው ሰው ሲያመው የሚታወቅበት መንገድ አለ። አተነፋፈሱ፣ የሚያሰማው ድምፅ፣ ፊቱ፣ ሰውነቱን መጨበጡ ወይም መቁነጥነጡ፣ ሲያባብሉት መረጋጋት አለመረጋጋቱ ይታያል። እነዚህን አምስቱን ነጥብ እየሰጡ የሚመዘግቡበት ቅጽም አለ። "መናገር የማይችል ሰው እንዳመመው በምን ታውቃላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን መተላለፊያው ላይ ለምታገኚያት ተንከባካቢ።

"አልታጠብም ሲሉስ?" በይ። "እናጥባቸዋለን እንጂ፣ ምን እናደርጋለን" ካሉሽ ተነሺ። "ለሌላ ሰዓት እናቆየዋለን፣ ሌላ ሰው ይሞክራል፣ ፎጣ አልብሰን ክፍል በክፍል እናጥባለን፣ መጀመሪያ ክፍሉን እናሞቃለን" ካሉሽ እነዚህ ሰዎች ሥራውን በእጃቸው ሠርተውታል።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም፤ ሕንፃውን ሁሉም ያያል። ሰው የማያያቸውን ጥቂት ነገሮች ብቻ ልጠቁምሽ። መሬቱን እዪ። በፈዛዛ ወለል ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ለእናትሽ ዓይን ጉድጓድ ሊመስል ይችላል። በጣም የሚያብለጨልጭ ወለል ደግሞ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላቸዋል። ሰው በሩ ላይ ደርሶ እግሩን አላነሳም ሲል "እልኸኛ" ይሉታል፤ እሱ ግን ገደል ነው የሚታየው። ሆቴል የመሰለው ቤት ወለሉ እንዴት ነበር? ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ በዪና መጸዳጃው ይታይሽ እንደሆነ ተመልከቺ። መጸዳጃውን የሚያይ ሰው ይጠቀምበታል፤ የማያየው ደግሞ ሌሊት ሲፈልግ በሩን ሁሉ ይከፍታል፣ ልብሱ ላይም ያመልጠዋል። ሽታም አለ። ጠዋት አንድ ክፍል ቢሸት የሰው ቤት ነውና ያጋጥማል። መተላለፊያው ሁሉ ሁልጊዜ የሚሸት ከሆነ ግን የሚቀይርላቸው ሰው የለም። ከሽንት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከልክ በላይ የተነፋ ሽቶ ነው።

ግቢውን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለችኝ። አትክልቱን አትዪ፣ የሰዎቹን ጫማ እዪ። ሶሉ አፈር ነክቷል? ግቢው የሚያምር፣ በሩ ግን ሁልጊዜ የተቆለፈ ቤት ሞልቷል። ጫማቸው እንደ አዲስ የጸዳ ከሆነ ግቢው የተሠራው ለጎብኚ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ቬስፕ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ዴ ሆግዌይክ የሚባል መንደር አለ። የከፋ የመርሳት ህመም ያለባቸው ሰዎች ከ6 እስከ 7 እየሆኑ በየቤቱ ይኖራሉ። አደባባይ አላቸው፣ ሱቅ አላቸው፣ በመንደሩ ውስጥ እንደልባቸው ይወጣሉ ይገባሉ። በፎቶ ያየው ሁሉ በሱቁና በአደባባዩ ይደነቃል። እኔን የሚማርከኝ በአንድ ቤት ውስጥ ያለው የሰው ቁጥር ነው። 7 ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ቤተሰብ ይሆናል። 40 ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ግን የባቡር ጣቢያ ነው፤ ጤነኛውንም ያዞራል። ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች ጋ ስትሄጂ እናትሽ ከስንት ሰው ጋር እንደሚቀመጡ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚበሉ ቁጠሪ።

የምግብ ሰዓት ከደረሰብሽ አትውጪ፣ ቆዪ። የሚያጎርሰው ሰው ቆሟል ወይስ ተቀምጧል? ቆሞ የሚያጎርስ ሰው ቸኩሏል። ያለፈው ሳይዋጥ የሚቀጥለውን ይሰጣል፣ ሰውም ትን ይለዋል። ሳህኑንም እዪ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ የቦስተን ጥናት ነበር፤ የተሳተፉት ህመሙ የጠናባቸው 9 ሰዎች ብቻ ናቸው። በነጭ ምትክ ደማቅ ቀይ ሳህንና ብርጭቆ ሲሰጣቸው የበሉት በ25 በመቶ፣ የጠጡት ደግሞ በ84 በመቶ ጨመረ። ነጭ ምግብ በነጭ ሳህን ላይ አይታይማ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሳህን መቀየር ግን ብዙ አያስወጣም። አንዱ ቤት ይህን ካደረገ እዚያ ቤት የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር ወደፊት መብላት እንቢ ሲሉ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂ። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳስቀመጠው፣ ህመሙ ከጠና በኋላ በቱቦ መመገብ አይመከርም፤ ቀስ ብሎ በእጅ ማጉረስ ይሻላል። ቱቦ ዕድሜ ሲያስረዝም ወይም ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሲከላከል አልታየም። በእጅ ማጉረስ ግን ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያንን ሰዓት የሚሰጥ ሠራተኛ አላቸው?

ሠራተኛ ሠራተኛ የምልሽ ለዚህ ነው። "በቂ ሠራተኛ አለን" የሚል መልስ አትቀበዪ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስንት ሰው ነቅቶ አለ፣ ስንት ሰው ተኝቷል? አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹን ማን ያያል? ነርስ አለች ወይስ በስልክ ነው የምትጠራው? ባለፈው አንድ ዓመት ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? ሠራተኛ በየወሩ የሚቀየርበት ቤት ውስጥ የእናትሽን ትከሻ ወይም ፍርሃት የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አንዲት ትንሽ ምክር ደግሞ ልጨምር። የጽዳት ሠራተኛዋን ስታገኚ "እዚህ ክፍል ማን ነው የሚኖረው?" በያት። ስማቸውን ጠርታ፣ "እሳቸው እኮ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ይወዳሉ" ካለችሽ፣ ያ ቤት ከላይ እስከ ታች ሰው አለበት።

ቋንቋም አለ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ህመሙ ሲገፋ ብዙ ጊዜ በኋላ የተማረውን እየተወ ወደ እናት ቋንቋው ይመለሳል። ዛሬ የሚግባቡበት ቋንቋ ነገ ላይኖር ይችላል። በእናትሽ የመጀመሪያ ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ ካለ በየትኛው ፈረቃ እንደሆነ ጠይቂ። ከሌለ "አመመኝ"፣ "ውሃ"፣ "ሽንት ቤት"፣ "አይዞሽ" የሚሉትን ቃላት እንዴት እንደሚባሉ ጽፈሽ አልጋቸው አጠገብ ለጥፊ።

ውሉን ቤት ወስደሽ አንብቢው፤ እዚያው ቁጭ ብለሽ አትፈርሚ። ዋናው ገጽ ስለ መግቢያ የሚያወራው ሳይሆን ስለ መውጫ የሚያወራው ነው። "ባሕርያቸው ካስቸገረ" የሚል ነገር ካለ ማን ይወስናል፣ ስንት ቀን ይሰጣችኋል? በመጨረሻ ከዚህ ቤት የወጣው ሰው በምን ምክንያት ወጣ? ሆስፒታል ቢተኙ አልጋው ይጠበቅላቸዋል? ክፍያው ውስጥ ያልተካተተው ምንድን ነው፣ እርዳታ ሲጨምር ሂሳቡስ እንዴት ይጨምራል? እስከ ዕለተ ሞታቸው ያቆዩአቸዋል? ህመሙ ሲጠና ሌላ ቤት መፈለግ ከመጀመሪያው የባሰ መከራ ነው። ውክልና ካልተሰጠሽ ደግሞ ይህን ሳምንት እንዳያልፍሽ። እናትሽ የሚፈርሙት ምን እንደሆነ መረዳት ካቃታቸው በኋላ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ስለ ወንድምሽ ብዙ አልናገርም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አንድ ሐሳብ ብቻ። ሦስት ሌሊት አንቺ ቤት መጥቶ ይደር። እናትሽ ከለመዱት ቤት አይንቀሳቀሱ፤ አንቺ ሌላ ቦታ ሄደሽ ተኚ። አራተኛው ቀን ጠዋት ላይ "ባዳ" የሚለውን ቃል እንደገና ተወያዩበት።

ደክሞኛል ማለትሽ ደግሞ ጥፋት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒት ያሳስታል፣ በር ሳይቆልፍ ይተኛል፣ በማይገባ ነገር ይቆጣል። እናትሽን ካስገባሻቸው በኋላም ልጃቸው ነሽ፤ እንዲያውም ከዘብነት ወጥተሽ ወደ ልጅነትሽ ትመለሻለሽ። ይህን የነገሩኝ ልጆች ብዙ ናቸው።

የሚገቡበት ቀን ሲደርስ ጠዋት ይሁን። አዲስ ብርድ ልብስ አትግዢላቸው። የለመዱትን፣ ጠርዙ ያለቀውን፣ የቤታችሁ ሽታ ያለበትን ውሰጂ። መነጽር፣ የጆሮ መስሚያ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ስማቸውን ጻፊ፤ በመጀመሪያው ወር የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። መስሚያው የጠፋበት ሰው አይመልስም፤ የማይመልስ ሰው ደግሞ "ህመሙ ባሰበት" ይባላል። አንድ ገጽ ስለ ሕይወታቸው ጻፊላቸው። ማን ብለው ይጠሯቸው? ምን ሥራ ነበራቸው? ምን ያስደነግጣቸዋል? ሲያለቅሱ ምን ያባብላቸዋል? በየትኛው ጎን ይተኛሉ? ሦስት ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም።

አንዳንድ ቤቶች "እስኪለምዱ ሁለት ሳምንት አትምጡ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። መልመድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያውቁት ፊት ጠፍቶባቸው ለምን ይቆያሉ? አጠር እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ ሂጂ። ስትወጪ ረጅም ስንብት አታድርጊ። ምግብ ሲቀርብ፣ እጃቸውም ዓይናቸውም ሥራ ሲይዝ ውጪ።

አሁን ወደ ሁለቱ ቤቶች። አዲሱን አዲስ ስለሆነ አትጥዪው፤ አሮጌውንም ቀለሙ ስለረገፈ አትዘኝለት። በሚመጣው ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ እናትሽን ይዘሽ አንደኛው ጋ፣ በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ሁለተኛው ጋ ሂጂ። አሮጌው ቤት ያቺን ልጅ ፈልጊያትና ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ሌሊት ማን እንደሚተካት ጠይቂያት። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የእናትሽን ሹራብ ቁልፎች አንዱን አዛንፈሽ ቆልፊው። ከዚያ ምንም ሳትናገሪ ጎናቸው ተቀመጪ። ማን አየው? ስንት ደቂቃ ፈጀበት? እጁን ከመዘርጋቱ በፊትስ ለእናትሽ ምን አላቸው? ያየሽውን ጻፊልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።